ቡና የገዛው መኪና፦ የኢፋና የሌሎች የድሮ የጦር መኪኖች ታሪክ

«ኢፋ» ሲባል ሰምቶ ምንም የማያስታውስ አዛውንት ገበሬ ጥቂት ነው። አንዱ በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመን የርዳታ እህል ጭኖ የደረሰውን መኪና ያስታውሳል። ሌላው ከቀየው ተነሥቶ ወደ ሠፈራ ጣቢያ የተጓዘበትን ያነሣል። ሦስተኛው ደግሞ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደበትን ቀን አይረሳም። ሁሉም ኢፋ ላይሆን ይችላል፤ ዚልም፣ ኦራልም፣ ፊያትም ነበር። በገጠር ግን ሸራ የለበሰ ከባድ መኪና ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የመኪናውን ስም ሳይሆን ምን ሊጭን እንደመጣ ነበር።

ኅብረት ሥራ ማኅበራት የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ ስለ አባላት ቁጥርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይባላል። ምርቱን ከጎተራ ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያውን ከመጋዘን ወደ ቀበሌ ስላደረሰው መኪና ግን ብዙም አይነገርም። በተለይ ለጦርነት ተሠርተው በኋላ እህል ጫኝ ስለሆኑት መኪኖች፣ ደግሞም ከቆሙበት አንሥተው ስላስነሷቸው ሰዎች የተጻፈ ነገር እምብዛም የለም።

ኢፋ የምሥራቅ ጀርመን የተሽከርካሪ ፋብሪካዎች ኅብረት አሕጽሮተ ስም ነው። በአገራችን በብዛት የታወቀው ሞዴል ደብልዩ 50 ሲሆን፣ ከ1965 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ከበርሊን በስተደቡብ በምትገኘው ሉድቪግስፌልደ ከተማ ሲመረት ቆይቷል። በእነዚህ ዓመታት ከ570 ሺህ በላይ ተሠርቷል። «ደብልዩ» የመኪናው ንድፍ የተሠራባት የቬርዳው ከተማ የመጀመሪያ ፊደል ናት። «50» ደግሞ የመጫን አቅሙ ነው፤ 50 ዴሲቶን ማለትም እያንዳንዱ 100 ኪሎ ግራም የሆነ 50 ኩንታል። የእኛ ገበሬ ምርቱን በሚቆጥርበት ልኬት የተሰየመ መኪና መሆኑን ስንት ሾፌር ያውቅ ይሆን? ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ሲሆን 125 የፈረስ ጉልበት አለው። ለጦር ሠራዊት ከተሠሩት ዓይነቶች መካከል በሁሉም ጎማ የሚነዳው ይገኝበታል። ሾፌሩም ከጋቢና ሳይወርድ የጎማውን ንፋስ እየቀነሰና እየጨመረ ጭቃና አሸዋ ለማለፍ የሚያስችለው መሣሪያ አለው።

መኪናው ወደ አገራችን በብዛት የገባበት ምክንያት ከሩቅ ይጀምራል። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በብራዚል የወረደው ብርቱ ውርጭ የቡና ማሳዎችን አወደመ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የዓለም የቡና ዋጋ በብዙ እጥፍ ናረ። የውጭ ምንዛሪ ያጠረው የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ለሕዝቡ ቡና መግዛት አቃተው። በ1977 እ.ኤ.አ. 51 በመቶው ብቻ ቡና፣ የቀረው አተርና ገብስ የመሰለ ማሟያ የሆነ ድብልቅ ለገበያ ቢያቀርብም ሕዝቡ አልወደደውም። አተሩ በምግብ ቤቶች የቡና ማፍያ ማሽኖችን እየደፈነ አስቸገረ። የአቤቱታ ደብዳቤ ለባለሥልጣናት ጎረፈ። ቡና ለለመደ ሰው አተር ማጠጣት የትም አገር ቢሆን የሚያስከትለው ይኸው ነው።

በዚያው ጊዜ በኢትዮጵያ ደርግ በተቃራኒው ቡና እንጂ መሣሪያና መኪና አልነበረውም። አሜሪካ ወታደራዊ ርዳታዋን አቁማለች፤ የሶማሊያ ጦር ደግሞ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ወረራውን ጀመረ። የምሥራቅ ጀርመን ፖለቲካ ቢሮ አባል የነበረው ቬርነር ላምበርትስ በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመላልሶ ከሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ተስማማ። ቡና ይሄዳል፤ በለውጡ የጦር መሣሪያና የጭነት መኪና ይመጣል። ላምበርትስ የሥራውን ውጤት ብዙም አላየም፤ የካቲት 27 ቀን 1970 ዓ.ም. በሊቢያ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። ልውውጡም በዚያው መልክ አልዘለቀም። የኢትዮጵያ መንግሥት ለቡናው ጠንካራ ምንዛሪ መጠየቅ ሲጀምር ጀርመኖቹ ፊታቸውን ወደ ቬትናም አዞሩ፤ በዚያም የቡና እርሻ እንዲስፋፋ ገንዘብና መሣሪያ አዋሉ። ቬትናም ዛሬ ከብራዚል ቀጥሎ በዓለም 2ኛዋ ቡና አምራች ናት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተጠየቀው ቡናውን የለቀመው ገበሬ ነው። በዘመኑ የቡናውን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ነበር፤ የእህሉም ዋጋ በኮታ የተቆረጠ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 138/1970 የተቋቋሙት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራትም የራሳቸውን ምርት በነፃ የሚደራደሩበት ዕድል አልነበራቸውም። የጅማ ወይም የሲዳማ ገበሬ የሸጠው ቡና መኪና ሆኖ መመለሱን፣ ያ መኪናም ልጁን ይዞ ወደ ግንባር መሄዱን የነገረው ሰው የለም። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጥቶ ማኅበራት በአባላቱ ፈቃድ እንዲደራጁና ዩኒየን እንዲመሠርቱ መንገድ የተከፈተው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የድሮ የጦር መኪና ሲታደስ ያየ ሽማግሌ አንገቱን ቢነቀንቅ ሊፈረድበት አይገባም።

የጦር መኪናን ለእህል ማዋል ግን በኢፋ አልተጀመረም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርር ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪኖችን ይዞ ገባ። ከእነዚህ አንዱ ፊያት 634 ነበር፤ ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ መኪና ሲሆን ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» ይለዋል። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መኪኖቹ በሙሉ አልወጡም። በጣሊያን ጋራዦች ረዳት የነበሩ ወጣቶች ባለሙያ ሆኑ። የጋራዡ ቋንቋ እስከ ዛሬ ምስክር ነው፤ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ባትላሜራ። ወራሪው ሄደ፣ ቃሉ ቀረ። ከዚያም ኤን ትሬ የሚባለው ፊያት 682 መጣና ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን ጭነት ተሸከመ። ዛሬ ከአትላስ ተነሥቶ በሃያ ሁለትና በመገናኛ አድርጎ ወደ ጉርድ ሾላ የሚሄድ መንገደኛ «አምቼ» ሲባል የሚሰማው ስም፣ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ አሕጽሮተ ስም ነው። መንግሥት ራሱም የጦር ተሽከርካሪዎችን የሚያድስ ተቋም በቢሾፍቱ ነበረው፤ ፕሮጀክት 40720 ይባል የነበረው ሲሆን በኋላ ቢሾፍቱ አውቶሞቲቭ የሚለውን ስም ይዟል።

የቆመ ኢፋ ወይም ዚል እንዴት ይነሣል? መኪናው አብዛኛውን ጊዜ በጨረታ ይገኛል። ጎማው ተቀምጦ፣ ባትሪው ተወስዶ፣ የእቃ መጫኛው እንጨት በምስጥ ተበልቶ ነው የሚገኘው። ልምድ ያለው መካኒክ ለማስነሣት አይቸኩልም። ለዓመታት የቆመ ሞተር ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ስለሚጣበቅ በግድ ከተዞረ ይሰበራል። ስለዚህ ዘይትና ናፍጣ በሲሊንደሮቹ ውስጥ ተጨምሮ ለቀናት ይተዋል፤ ከዚያ በእጅ ቀስ እያለ ይዞራል። እሺ ካለ ቴስታታው ወርዶ ቫልቮቹና ጓርኒሲዮኑ ይታያሉ። እምቢ ካለ ሞተሩ በሙሉ ይወርዳል፤ በኢፋ ደግሞ ጋቢናው ወደፊት የማይገለበጥ በመሆኑ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የድሮ ሾፌሮች ጀርመንን የሚያሙት በዚህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የነዳጅ መሥመር ነው። ናፍጣ ሞተር ለማቀጣጠል ካንዴላ አይፈልግም፤ አየሩ በኃይል ታምቆ ሲግል ነዳጁ ራሱ ይነዳል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ጨርሶ የተበላሸ መኪና እንኳ ከቁልቁለት ተገፍቶ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በቱቦው ውስጥ ጥቂት አየር ከገባ ሞተሩ አይነሣም። ቱቦው በየመገጣጠሚያው እየላላ፣ በእጅ ፖምፓ እየተገፋ፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ ይጠበቃል። ዋናው የናፍጣ ፖምፓ ግን ለማንም አይሰጥም፤ በአንድ ከተማ ይህን የሚያውቁ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ባሌስትራ የሰበረ ወደ አንጥረኛ፣ ዘንግ ያላመጠ ወደ ቶርኖ ቤት፣ ፍሬኑ ያለቀ ፌሮዶ ወደሚገጥም ይሄዳል። ባትላሜራው ዝገት የበላውን ቆርጦ ከበርሜል ቆርቆሮ ይተካል። ፋብሪካው ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህን ሞዴል ስለማይሠራ መለዋወጫ ከቆሙ ሌሎች መኪኖች ይለቀማል። ለዚህ መርካቶ ሶማሌ ተራ ዋናው ቦታ ነው። አንዱ ካምቢዮ አለኝ ይላል፤ ሌላው የት እንደቆመ የሚያውቀውን መኪና ይጠቁማል። ብዙ ጊዜ ትልቁ ርዳታ የሚገኘው ከጡረተኛ የሠራዊት ሾፌር ነው። መጽሐፉ በጀርመንኛ ወይም በሩሲያኛ ነው የተጻፈው፤ እሱ ግን ድምፁን ሰምቶ የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ይናገራል። ለምክሩ ገንዘብ የማይቀበል አለ፤ መኪናው ሲነሣ መሪውን ይዞ አንድ ዙር መንዳት ይበቃዋል።

በአውሮፓም እንዲህ ዓይነት ሰዎች አሉ፤ ፍላጎታቸው ግን ይለያል። በጀርመን የኢፋ ወዳጆች በማኅበር ተደራጅተው መለዋወጫ ይለዋወጣሉ፣ በበጋ መኪኖቻቸውን ይዘው ይሰባሰባሉ። እዚያ ክብር የሚሰጠው ከፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረው ሆኖ ለታደሰ መኪና ነው፤ ቡሎኑ ሳይቀር የራሱ መሆን አለበት። በእኛ አገር ግን መኪናው ነገ ጠዋት እህል መጫን አለበትና የሌላ መኪና ራዲያተር ይገጠምለታል፣ የጭነት ሣጥኑ ይረዝማል፣ ባሌስትራው ይደረባል። ጥብቅ የሆነ የታሪክ ወዳጅ ይህን ማበላሸት ሊለው ይችላል። የእኛ መካኒኮች ሥራ ግን መኪናውን በሕይወት ያቆየ ስለሆነ ያነሰ እድሳት አይደለም። መታረም ያለበት የባሌስትራው ድርብርብ ነው። መኪናው የተሠራው ለ50 ኩንታል ሲሆን ባሌስትራ በመደረብ 80 መጫን ይቻላል፤ ፍሬኑ ግን ለ50 የተሠራው ያው ፍሬን ነው። በጣርማ በርም ሆነ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ የዚህ ልዩነት ይታያል።

ለሥራ የማይበቁትንስ ምን ይደረግ? በየወረዳው ግቢ፣ በየመጋዘኑ ጀርባ ሣር የበቀለባቸው ኢፋዎችና ኦራሎች ቆመው ታይተዋል። በብረት ዋጋ በኪሎ መሸጥ ቀላሉ መንገድ ነው፤ በዚያም ብዙዎቹ አልቀዋል። አንድ ዩኒየን አንዱን እንኳ ገዝቶ ቢያድስ፣ በአጠገቡም ስንት ኩንታል ቡና እንደተከፈለበት ሳይሆን ማን እንደነዳው፣ ማን እንደጠገነው፣ ምን ምን እንደጫነ የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚናገሩትን ቢያጽፍ ወጪው ከአንድ የጠቅላላ ጉባኤ መስተንግዶ ብዙ አይበልጥም። የሠራዊቱ ሾፌሮች ዕድሜ ገፍቷል፤ የናፍጣ ፖምፓ ባለሙያዎቹም እንዲሁ። መኪኖቹን የሚያድሱ ባትላሜራዎች የላይኛውን ሰማያዊ ወይም ነጭ ቀለም ሲፍቁ ሥሩ የሠራዊቱ አረንጓዴ ይወጣል፤ አንዳንዶቹ በበሩ ውስጠኛ ጎን የመዳፍ ያህል ሳይቀቡት ይተዋሉ።