ከሐዋሳ የሚነሳ ረጅም የሀገር ውስጥ ጉዞ፦ የመንገድ ቀንን መቁጠርና መስመርን መምረጥ

ከሐዋሳ ተነስተው ወደ ሌላው የሀገሪቱ ጫፍ የሚጓዙ ዜጎች አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቁት ርቀቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ለጉዞ እቅድ ብቻውን አይበቃም። ኢትዮጵያ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አላት፤ መልክዓ ምድሯም ከባሕር ወለል በታች ካለው የዳሎል ረባዳ ተነስቶ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ እስካለው ራስ ዳሽን ይደርሳል። በዚህ የተነሳ መቶ ኪሎ ሜትር በአንዱ አካባቢ የአንድ ሰዓት ተኩል፣ በሌላው ደግሞ የሦስት ሰዓት መንገድ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የጉዞ ርዝመት በቀን ብርሃን እንዴት እንደሚሰላ፣ ከሐዋሳ የሚወጡ ዋና ዋና መስመሮች የትኞቹ እንደሆኑና አዲስ አበባን ማለፍ የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ያብራራል።

የፈቃድና የቀጠሮ ቀናት

የመንገድ ቀንን አስቀድሞ አለመቁጠር ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በሐዘንና በሕክምና ጊዜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ጋብቻ ሲፈጽም ወይም የቅርብ ዘመድ ሲሞትበት ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 የሥራ ቀናት ፈቃድ ያገኛል። ቤተሰቡ ጎንደር የሚኖር፣ እርሱ ግን ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በአውቶቡስ ከተነሳ እነዚህ 3 ቀናት መንገድ ላይ ያልቃሉ። ለቀብር ቀርቶ ለሠልስት መድረሱም ያጠራጥራል። እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲያጋጥም ሠራተኛው ከመነሳቱ በፊት ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ ከዓመት ፈቃዱ የተወሰኑ ቀናትን ቢጨምር ይመረጣል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው። አዋጁ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲፈጠር ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ እንዲሰጥም ይደነግጋል። ከተመለሱ በኋላ ስለቀሩበት ቀን ከመከራከር ከመነሳት በፊት አንድ ማመልከቻ ማስገባት ይቀላል።

ሪፈራል ተጽፎላቸው ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታሎች የሚሄዱ ታካሚዎችም ተመሳሳይ ችግር ያጋጥማቸዋል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ከመናኸሪያ ወጥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ ከ5 እስከ 6 ሰዓት፣ መንገዱ ሲጨናነቅ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል ያለው የከተማ ጉዞ በዚህ ላይ ይታከላል። ስለሆነም ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ቀጠሮ ያለው ታካሚ በዕለቱ ሳይሆን በዋዜማው መነሳት አለበት፤ የአስታማሚው ማደሪያም አብሮ መታሰብ ይኖርበታል።

አንድ የመንገድ ቀን ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የቀኑ ርዝመት በክረምትም በበጋም ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሳ መንገደኛ ሳይመሽ ማረፊያው ለመድረስ ያለው ጊዜ 11 ሰዓት ያህል ነው። ከዚህ ላይ ለቁርስና ለምሳ፣ ለነዳጅ፣ ለኬላ ፍተሻና በየከተማው ለሚደረግ ቆይታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቀነሳል። በቀሪው ከ8 እስከ 9 ሰዓት ውስጥ ከተማውም ዳገቱም ተደማምሮ በአማካይ በሰዓት ከ45 እስከ 50 ኪሎ ሜትር መያዝ ለእቅድ አስተማማኝ ነው። አንድ የመንገድ ቀን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። የግል መኪና የያዘ ሰው ከዚህ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ እቅዱን ሲያወጣ ግን በዚህ ስሌት ቢሠራ አይጸጸትም።

ሌሊት መንዳት የቀኑን ርዝመት እንደማራዘም ተደርጎ መታየት የለበትም። ከሻሸመኔ በአርሲ ነገሌ፣ በባቱና በመቂ አድርጎ ሞጆ የሚደርሰው ነባሩ መንገድ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከብትና እግረኛ የሚጋሩት መንገድ ነው። ከአዋሽ ወደ ምሥራቅም ሆነ ከያቤሎ ወደ ሞያሌ ሲኬድ ግመልና ከብት በድንገት አስፋልቱን ያቋርጣሉ። ከሞጆ እስከ ሐዋሳ የታቀደው 202 ኪሎ ሜትር የፍጥነት መንገድ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ክፍል አገልግሎት በመስጠቱ የአዲስ አበባው ጉዞ ቀሏል፤ አሽከርካሪው ግን ከፍጥነት መንገዱ ወርዶ ወደ ነባሩ መንገድ ሲገባ ፍጥነቱንም ግምቱንም መቀየር አለበት።

የጎንደሩ ጉዞ ስሌቱን በግልጽ ያሳያል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር አድርጎ ጎንደር ከ730 እስከ 740፣ በድምሩ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ ሁለት ቀን ተኩል ቢመስልም ትክክለኛው ሦስት ቀን ነው። ከሐዋሳ የተነሳ መንገደኛ አዲስ አበባ የሚገባው ከቀትር በኋላ ሲሆን ወደ ሰሜን የሚሄዱ የሩቅ መስመር አውቶቡሶች የሚነሱት ግን ማለዳ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ማደር አይቀሬ ነው። ሁለተኛው ቀን ደብረ ማርቆስ ወይም ቢበዛ ባሕር ዳር ያደርሳል፤ ከባሕር ዳር ጎንደር ያለው 180 ኪሎ ሜትር ለሦስተኛው ቀን ይቀራል። ሁለት ቀን ለሚቆይ ሠርግ መሄጃ ሦስት፣ መመለሻ ሦስት፣ በጠቅላላው ስምንት ቀን ያስፈልጋል።

የአውሮፕላን ጉዞ ይህን ስሌት ይለውጠዋል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለው በረራ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ የቀጣዩ በረራ ሰዓት ከተስማማም በዚያው ዕለት ጎንደር ወይም መቀሌ መድረስ ይቻላል። ለ3 ቀናት የሐዘን ፈቃድ የሚስማማው አማራጭ ይህ ብቻ ነው። የሀገር ውስጥ በረራዎች በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ስለሚነሱ ግን ከሐዋሳ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን መሄድ ወደ ሰሜን ወጥቶ ወደ ደቡብ መመለስ ይሆናል፤ በዚህ መስመር መኪና ይሻላል።

አዲስ አበባን ማለፍ ግዴታ ያልሆነባቸው መስመሮች

የሀገሪቱ ዋና ዋና መንገዶች ከአዲስ አበባ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ የተዘረጉ በመሆናቸው ብዙ መንገደኞች የትም ለመሄድ መጀመሪያ አዲስ አበባ መግባት ያለባቸው ይመስላቸዋል። ከሐዋሳ ለሚነሳ ሰው ይህ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

ወደ ድሬዳዋ፣ ሐረርና ጅግጅጋ የሚሄድ መንገደኛ ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ በአዳማ፣ በአዋሽና በጭሮ በኩል ይጓዛል። ሞጆ ከአዲስ አበባ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ አዲስ አበባ ገብቶ መመለስ 150 ኪሎ ሜትር ያለ ጥቅም ይጨምራል፤ የከተማዋ መጨናነቅና የአንድ ሌሊት ማደሪያ ወጪም ሳይቆጠር ነው። በሕዝብ ማመላለሻ የሚጓዝ ሰው ቀጥታ መኪና ካላገኘ አዳማ ላይ መቀየር ይችላል። የኢትዮ ጅቡቲ ባቡርም አዳማ ጣቢያ ስላለው የድሬዳዋ መንገደኛ የጉዞ ቀኑን አስቀድሞ አጣርቶ ከዚያ ሊሳፈር ይችላል። መንገዱ በአጠቃላይ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ አንድ ሌሊት ማደርን ይጠይቃል፤ ለዚህም አዳማ ወይም አዋሽ ይመቻል።

አርባ ምንጭ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሆን መንገዱ ከሻሸመኔ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በሀላባ ቁሊቶና በወላይታ ሶዶ ያልፋል፤ ማለዳ ለተነሳ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ጅማ ለሚሄድም ከሶዶ ኦሞ ወንዝን ተሻግሮ በዳውሮ፣ በተርጫና በጭዳ በኩል የሚወጣው መንገድ አዲስ አበባን ያስቀራል። ዳገቱና ጠመዝማዛው ብዙ ስለሆነ ግን ለዚህ መስመር ከተለመደው ያነሰ ፍጥነት መያዝ ተገቢ ነው። ወደ ባሌ ሮቤና ጎባ ከሻሸመኔ በዶዶላና በዲንሾ ይኬዳል። ከጎባ ወደ ደሎ መና ለመውረድ የሚያስብ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴ አምባ ስለሚያቋርጥ በበጋም ቢሆን ወፍራም ልብስ ይያዝ።

በደቡብ አቅጣጫ ዲላን፣ ቡሌ ሆራንና ያቤሎን አልፎ ሞያሌ የሚደርሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከካይሮ ኬፕ ታውን የሚዘልቀው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ነው። ያቤሎ ላይ ማደር የሁለተኛውን ቀን ጉዞ ያቀልላል። ድንበር ተሻግሮ ወደ ኬንያ የሚቀጥል መንገደኛ የድንበር አገልግሎቱ በሥራ ሰዓት እንዲደርስለት ሞያሌ ከቀትር በፊት ቢገባ ይመረጣል።

ለደሴና ለመቀሌ ሁለት ምርጫ አለ። የተለመደው ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ነው፤ አዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚወጣው ነው። ይህኛው ሜዳማ ቢሆንም ረጅም ነው፤ ሙቀቱም ለሕፃናትና ለሕሙማን ይከብዳል። የራሱን መኪና የማይነዳ ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ መኪና በቀላሉ ያገኛል።

ገደል፣ ዝናብና በዓል

በካርታ ላይ አጭር የሚመስሉ አንዳንድ ቦታዎች ብዙ ጊዜ ይወስዳሉ። ከጎሃ ጽዮን ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል፤ ፊት ለፊት የተጫነ ተሳቢ ካለ ደግሞ አዝጋሚ ነው። ከደባርቅ ወደ ሽሬ ሲኬድ ያለው ሊማሊሞም እንዲሁ ነው። እነዚህ ቦታዎች በቀትር እንጂ በምሽት እንዳይታለፉ የመነሻ ሰዓት ሊስተካከል ይገባል።

የዝናብ ወቅት በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። በሰሜኑና በመካከለኛው የሀገሪቱ ክፍል ጭጋግና የመንገድ መንሸራተት የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በቦረና ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ደግሞ በመጸው ይጥላል። ሰኔን ሸሽቶ በሚያዝያ ወደ ሞያሌ የሚሄድ ሰው ከዝናብ አላመለጠም።

የበዓላት ወቅት ከዝናብ ያላነሰ መጨናነቅ ይፈጥራል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ብዙ ምዕመናን ወደ ሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ይመጣሉ፤ በእነዚሁ ቀናት በድሬዳዋ መስመር ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብም እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ከሐዋሳ ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው መነሻውም መድረሻውም የተጨናነቀ ይሆናል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ቀኑን አያንቶዎች ከዋክብትን አስልተው ስለሚያሳውቁ በየዓመቱ ይለያያል፤ በዚያ ሰሞን ሐዋሳ ማደሪያ ማግኘት ያስቸግራል። በመስከረም መጨረሻ አካባቢ በቢሾፍቱ በሚከበረው የኢሬቻ በዓል ዕለትም በከተማዋ የሚያልፈው ነባሩ መንገድ ሊዘጋጋ ይችላል። በእነዚህ ጊዜያት ከታሪፍ በላይ ማስከፈልና ትርፍ መጫን ስለሚበዛ መንገደኛው ትኬቱን ከመናኸሪያው ቢሮ ቢቆርጥና የተጻፈበትን ዋጋ ቢያይ መብቱን ለማስከበር ይረዳዋል።

ከመነሳት በፊት ባለው ቀን

የመንገዱ ወቅታዊ ሁኔታና ደኅንነት በዋዜማው መጣራት አለበት፤ ለዚህ ከመናኸሪያው ስምሪት ሠራተኞችና ከዚያው መስመር በዕለቱ ከተመለሱ ሾፌሮች የሚገኘው መረጃ ከሁሉ ይቀርባል። መታወቂያ ወይም የፋይዳ መለያ፣ ሪፈራል ወረቀት፣ የታካሚ መድኃኒትና ትኬት በሻንጣ ተጭነው ጣሪያ ላይ ከሚወጡ ዕቃዎች ጋር ሳይሆን በእጅ መያዝ አለባቸው። ወደ ጋምቤላ፣ ድሬዳዋ ወይም ሌሎች ቆላማ አካባቢዎች የሚሄድ ሰው የወባ መከላከያ አጎበርን ቢያስብበት ይጠቅመዋል። ከመሳፈር በኋላም የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር፣ የሚታደርበትን ከተማና የሚደረስበትን ቀን ሐዋሳ ለቀሩት የቤተሰብ አባላት በስልክ ማስታወቅ ያስፈልጋል።