«ደንቆሮ» የምንላት ቃል

ዛሬ አንዲት ቃል ይዤ መጥቻለሁ።

በእንግሊዝኛ «ዳም» የምትባል ቃል አለች (መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ቢ» ትጻፋለች እንጂ አትነበብም)። ጥንት መናገር የማይችል ማለት ነበረች። ጀርመንኛ ውስጥ ያለችው ዘመዷ «ዱም» ግን ቂል ማለት ናት። ይሄኛው ትርጉም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ተስፋፋ።

የኛዋም «ደንቆሮ» እዚያው ነው የደረሰችው። ጆሮው የማይሰማውንም፣ ዕውቀት የሌለውንም በአንድ ስም ጠራን። አለመስማት ሌላ፣ አለማወቅ ሌላ!

ነገሩ በስድብ ብቻ አልቀረም። በ1880 እ.ኤ.አ. ሚላን የተሰበሰቡ መምህራን የምልክት ቋንቋ ከክፍል ይውጣ ብለው ወሰኑ። አብዛኞቹ ራሳቸው የሚሰሙ ነበሩ። ለዚያ ውሳኔ ጸጸት የተገለጸው በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። 130 ዓመት!

ለኛ ለሆሳዕና ሰዎች ግን መልሱ ደጃችን ነው። በ1970ዎቹ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የተከፈተው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። እዚያ ልጆቹ በእጃቸው ያወራሉ፣ በእጃቸው ይማራሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል። ደንቆሮው ታዲያ ማነው?

እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ጥያቄ ያልመለሰ ልጅ ላይ ይቺን ቃል ወርውሬያለሁ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን ሴሚስተሩን ሙሉ እጁን አላወጣም። መናገር እየቻለ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ይሄን እያነበብክ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ።

በሀዲይኛና በከምባትኛስ ምን እንላለን? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።