«ሲስተም የለም» ሲባል፦ የዳታቤዝ መዘግየት መንስኤ እንዴት ይለያል?

በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከጨፋ ሮቢትና ከአካባቢው ቀበሌዎች ለአገልግሎት የሚመጣ ነዋሪ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲመለስ የሥራ ቀኑንና የትራንስፖርት ወጪውን ያጣል። ይህ አባባል ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን ሊይዝ ይችላል፤ እነዚህም የመስመር መቋረጥ፣ የሰርቨር መጨናነቅ እና የዳታቤዝ መዘግየት ናቸው። የእያንዳንዳቸው መፍትሔ የተለያየ በመሆኑ ባለሙያዎች መንስኤውን አስቀድመው ሊለዩ ይገባል። ለዚህም ጽሑፋዊ ትዕዛዝ በመጻፍ የሚሠሩ የምርመራ መሣሪያዎች ያገለግላሉ።

ምርመራው የሚካሄድበት ቅደም ተከተል

1. መስመሩን መፈተሽ፦ «ፒንግ» የተባለው ትዕዛዝ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ እስኪደርስ ያለፈውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ያሳያል። የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን የሚያገናኘው ወረዳኔት ከተዘረጋባቸው መንገዶች አንዱ ሳተላይት ነው። 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኝ ሳተላይት በኩል ምልልሱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ፣ 500 ሚሊሰከንድ መታየቱ ብቻውን ብልሽትን አያመለክትም። ትኩረት የሚሻው መልእክቶች ሳይመለሱ ሲቀሩ ወይም ጊዜው ከወትሮው በእጅጉ ሲጨምር ነው።

2. የሰርቨሩን ጫና ማየት፦ በሊነክስ ሰርቨር ላይ «ቶፕ» የተሰኘው ትዕዛዝ የትኛው ሥራ ፕሮሰሰሩንና ሜሞሪውን እንደያዘ ይዘረዝራል።

3. ዳታቤዙን መጠየቅ፦ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት ፖስትግሬስኪውኤል የተሰኘውን ዳታቤዝ ይጠቀማል። በዚህ ዳታቤዝ ባለሙያው በ«ፒኤስኪውኤል» ገብቶ «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ» የተባለውን ሠንጠረዥ ሲጠይቅ፣ በሥራ ላይ ያሉትንና የሌላውን መጠናቀቅ የሚጠብቁትን ጥያቄዎች ያያል። አንድ ያልተዘጋ ሥራ መዝገብ ቆልፎ ሌሎችን ሊያስቆም ይችላል።

4. የዘገየውን ጥያቄ መመርመር፦ «ኤክስፕሌን» ዳታቤዙ መረጃውን የሚፈልግበትን መንገድ ያሳያል። ማውጫ የሌለው መዝገብ ቤት አንዱን ፋይል ለማግኘት መደርደሪያውን ሁሉ እንደሚያስፈትሽ ሁሉ፣ ኢንዴክስ የሌለው ሠንጠረዥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል።

ጥንቃቄ፦ «ኤክስፕሌን አናላይዝ» ጥያቄውን በተግባር ስለሚፈጽም፣ መረጃ በሚቀይር ወይም በሚሰርዝ ትዕዛዝ ላይ ያለ ጥንቃቄ መጠቀም መዝገብን ሊያጠፋ ይችላል። ምርመራው ሥልጣን በተሰጠው ባለሙያ ብቻ ይከናወናል።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

• የተቋረጠው መስመሩ፣ ሰርቨሩ ወይም ዳታቤዙ መሆኑንና አገልግሎቱ መቼ እንደሚቀጥል መጠየቅ ይቻላል።

• የሞሲፕ የምዝገባ ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ መረጃውን በኋላ እንዲልክ ሆኖ ተሠርቷል። በመሆኑም የመስመር መቋረጥ ብቻውን ምዝገባን የግድ አያስቆምም።

• በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 በተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት አንድ ሰው የሚኖረው አንድ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ዘገየ ብሎ ዳግም መመዝገብ ተጨማሪ የማጣራት ሥራ ይፈጥራል እንጂ አያፋጥንም። የምዝገባ ደረሰኙን መያዝና በእርሱ መከታተል ተገቢ ነው።

• ለብልሽት ምርመራ የተገልጋይ የይለፍ ቃል ወይም በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር አያስፈልግም። ይህን ለሚጠይቅ ማንኛውም ሰው መስጠት አይገባም።

• መዘግየቱ ከተደጋገመ ቀኑንና ሰዓቱን በመመዝገብ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ማቅረብ፣ ባለሙያው የችግሩን መንስኤ በተመሳሳይ ሰዓት ከተመዘገበ የሰርቨር መረጃ ጋር አነጻጽሮ እንዲለይ ይረዳዋል።