የሰው ፎቶ ጥግ ላይ

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ የሰርቨሩ ዲስክ ሞላና «ደግሞ ይሄን ማን ያየዋል?» ብዬ አሮጌ ሎጎችን ጠራርጌ አጠፋሁ። ከወር በኋላ አንድ ችግር ከየት እንደጀመረ ስንፈልግ፣ መልሱ ሊገኝ የሚችለው ካጠፋሁት ውስጥ ብቻ ነበር። የጋላክሲ ክላስተር አደንን ታሪክ ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ ቀን ነው።

ክላስተር ማለት በስበት ተሳስረው አብረው የሚኖሩ መቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚበልጡ ጋላክሲዎች ናቸው። በተራ ቴሌስኮፕ ሲታዩ ግን ያሳስታሉ። አንዱ ቅርብ ሌላው እጅግ ሩቅ ሆኖ፣ በአንድ አቅጣጫ ስለተሰለፉ ብቻ ጎረቤት ይመስላሉ።

እውነቱን የሚያወጣው ራጅ ነው። አዎ፣ ሐኪም ቤት የምንነሳው ራጅ! ከህዋ የሚመጣውን ግን ከባቢ አየራችን ስለሚያግደው ሳተላይት ይፈልጋል። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተወነጨፈችው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው፤ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከቆመ የጣሊያን መድረክ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970። ዕለቱ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለነበር «ኡሁሩ» ተባለች፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው።

ኡሁሩ እነ ኮማና ፐርሲየስ ከተባሉት ክላስተሮች ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ራጅ ሲመጣ አየች። ምንጩ በጋላክሲዎቹ መካከል የሞላ፣ በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ጋዝ ነው። እንዲህ የጋለ ጋዝ እንዳይበተን አጥብቆ የሚይዝ ስበት ያስፈልጋል። በአጋጣሚ የተሰለፉ ጋላክሲዎች ደግሞ ያ የላቸውም። ስለዚህ ራጅ ምስል ላይ ነጥብ ሳይሆን እንደ ዘይት ጠብታ የተዘረጋ እድፍ ከታየ፣ ዝምድናው እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ሎጌ ልመለስ። ኤክስኤምኤም ኒውተን የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ኤንጂሲ 7314 የሚባል ቅርብ ጋላክሲን ለ12 ሰዓት ያህል ተመልክቶ፣ ምስሉ ማኅደር ገባ። በኋላ ክሪስቶፈር ሙሊስና ባልደረቦቹ ማኅደሩን ሲበረብሩ ከዋናው ጋላክሲ ራቅ ብሎ አንድ ደብዛዛ እድፍ አገኙ። ከዚያ ሁሉ ሰዓት የተለቀመው 280 ፎቶን ገደማ ብቻ ነበር። ቺሊ ባለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ሲጣራ፣ ብርሃኑ 9 ቢሊዮን ዓመት ያህል የተጓዘ ክላስተር ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ሲደረግ፣ እስከዚያ ከታወቁት ግዙፍ ክላስተሮች ሁሉ የራቀው እሱ ነበር።

ምስሉ የተነሳው ለሌላ ጋላክሲ ነበር። ጥጉን ግን ማንም ቆርጦ አልጣለውም።

በቀደም የሰርቨሩ ዲስክ እንደገና ሞላ። ሌላ ዲስክ አስገዛሁ።