በሮቢት መንገድ የሞተር አየርና ጉልበት

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጎብዬን አልፎ ሮቢት ሲደርስ ሜዳ ለሜዳ ይዘረጋል። ግራና ቀኙ የራያ ማሽላ ነው። ቆላ ይባል እንጂ ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የአየሩ ግፊትም ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 85 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በስተሰሜን ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣው የግራ ካሕሱ ዳገት፣ በስተደቡብ ደግሞ ደሴና ጣርማበር አሉ። ጣርማበር ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከአየሩም ሲሶ ያህሉ ይጎድላል።

ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ነዳጅ ከኦክስጅን ጋር ሲቃጠል ነው። አየሩ ሲሳሳ ናፍጣ ቢጨመርም ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው። አየር አጭቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል።

በዚህ መስመር የጭነት መኪና በብዛት መታየት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ከማይጨው ጦርነት በኋላ የጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1936 ደሴን ያዘ፤ የጦሩ አዛዥ የባዶሊዮ የመኪና ሰልፍም ከዚያ ተነሥቶ ግንቦት 5 አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው መንገዱን በድንጋይና በአስፋልት አነጠፈ፤ ሲሸነፍም ትሬንታ ኳትሮ የተባለው ፊያት 634 አገር ውስጥ ቀረ። ከ8 ሊትር በላይ የሆነው የዚህ መኪና ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ እንኳ 80 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሾፌሩ ከአንደኛ ማርሽ ንቅንቅ አይልም ነበር፤ ረዳቱም መኪናው ወደ ኋላ ቢንሸራተት ከጎማው ሥር ሊወትፍ ታኮ ይዞ በእግሩ ይከተል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ኤንትሬ፣ ፊያት 682 ኤን 3፣ ከ10 ሊትር በላይ ሞተር ነበረው። እሱም ቱርቦ አልነበረውም፤ የአየሩን ማነስ የመከተው በሲሊንደሩ ስፋት ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ወደ ኮረም እህል የጫኑ መኪኖች ሮቢትን አልፈው የወጡት የግራ ካሕሱን ዳገት ነው።

ዘላቂው መፍትሔ የተገኘው ከሌላ አገር ተራራ ነው። መሐንዲሱ አልፍሬድ ቡኪ የቱርቦን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 አስመዘገበ፤ ሌላው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ደግሞ በ1918 አሜሪካ ውስጥ 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው ፓይክስ ፒክ ላይ ፈተነው። ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ ይሰዳል። በኢትዮጵያ መንገዶች ቱርቦ ያላቸው ከባድ መኪኖች ሲበዙ የዳገቱ ጉዞ ተለወጠ።

ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝም ለዚሁ ችግር የተፈለገ ሌላ መላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ከፍ ብለው ለሚበርሩ የጦር አውሮፕላኖቻቸው ተጠቀሙበት፤ ወደ መኪና እሽቅድምድም የዞረው በኋላ ነው። ከጋዙ ክብደት 36 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ የአየር ግን 23 በመቶ ብቻ ነው። ለቤት መኪና ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ተጨማሪው ቤንዚን የሚመጣበት መንገድ ነው። እርጥቡ ዓይነት ጋዙንና ቤንዚኑን አብሮ ይረጫል፤ ለካርቡሬተር ሞተርም የሚስማማው እሱ ነው። ደረቁ ጋዙን ብቻ ይረጭና ቤንዚኑን ለመኪናው ኢንጀክተሮች ይተዋል። ቤንዚኑ ካነሰ ፒስተን ይቀልጣል፤ ስለዚህ ላልተጠናከረ ሞተር በትንሹ ኖዝል መጀመር ግዴታ ነው።

የሮቢት አየር ጠባይ ሌላ ፈተና ይጨምራል። ናይትረስ ከ36.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በፈሳሽነት አይቆይም። ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ የጋዙ ሲሊንደር ይህን ሙቀት ቶሎ ያልፋል፤ ግፊቱም በአደገኛ ሁኔታ ይንራል። በጣርማበር ብርድ ደግሞ ግፊቱ ወርዶ የሚገባው ጋዝ ያንሳል። በአንድ ቀን ጉዞ ቆላና ደጋ ለሚያቋርጥ መኪና ሲሊንደሩ ከፀሐይ መከለል አለበት፤ ግፊት ሲያልፍ የሚያስተነፍሰው ቧንቧ ከመኪናው ውጭ መውጣት አለበት፤ የግፊት መለኪያም ሊኖረው ይገባል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም 4.5 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር 100 የፈረስ ጉልበት እየጨመረ ከ2 ደቂቃ በላይ አይዘልቅም፤ የግራ ካሕሱ ዳገት ግን በ2 ደቂቃ አያልቅም። ናይትረስ ለአጭር ውድድር የተሠራ ነው፤ ከሮቢት ወደ ደጋ ለሚወጣ መኪና የሚበጀው ቱርቦ ነው።