የሴናተሩ ሰማያዊ ማህደር፦ የአሜሪካ የመጀመሪያው የኢንተርኔት ገደብ ሕግ ታሪክ

ጁን 14 ቀን 1995፣ በእኛ ሰኔ 7 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ሴኔት አዳራሽ የነብራስካው ዴሞክራት ሴናተር ጄምስ ኤክሰን አንድ ሰማያዊ ማህደር ይዘው ቀርበው ነበር። በውስጡ ከኢንተርኔት ወርደው በወረቀት የታተሙ የወሲብ ሥዕሎች ነበሩበት። ሴናተሩ ባልደረቦቻቸው ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ወደ ጠረጴዛቸው መጥተው እንዲያዩ ጋበዙ፤ ሄደው ገልጠው ያዩም ነበሩ። የሴኔቱ ቄስ በኮምፒውተር ስለሚሠራጨው ብክለት ያደረጉትን ጸሎትም ኤክሰን በዚያው ዕለት ለምክር ቤቱ አነበቡ። ድምፁ 84 ለ16 ሆነ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማህደሩን መሳለቂያ ማድረግ ቀላል ነው፤ ብዙዎች አድርገውታል። የኤክሰን ሥጋት ግን እውነተኛ ነበር። ኮምፒውተር ወደ መኖሪያ ቤት እየገባ ነበር፤ ከወላጆቹ ይልቅ አሠራሩን የሚያውቀው ልጁ ነበር። ችግሩ ያለው መፍትሔው ላይ ነው። የአሜሪካ ሕግ ጸያፍ የሚባለውን ጽሑፍና ሥዕል፣ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃትን የሚያሳይ ምስልንም ቀድሞውኑ በወንጀል ይከለክል ነበር። ኤክሰን የፈለጉት ከዚያ ዝቅ ያለውን፣ ማለትም ለአዋቂ የተፈቀደውን ነገር ግን ከጨዋነት የወጣውን ሁሉ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው መላክን ወይም እሱ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ማሳየትን በእስራት ማስቀጣት ነበር። ለዚህም መነሻ የሚሆን ውሳኔ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 መንግሥት የሬዲዮ ጣቢያዎችን በዚህ ረገድ ሊቆጣጠር ይችላል ብሏል። ሬዲዮ ሳይጠሩት ቤት ይገባል፣ ልጅም ሳያስበው ይሰማዋል የሚል ነበር ምክንያቱ።

ኢንተርኔትም እንደዚያው ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ግን አልተመረመረም። ሴኔቱ በረቂቁ ላይ አንድም የምስክር መስሚያ ሳያካሂድ ነው ድምፅ የሰጠው። የቨርሞንቱ ፓትሪክ ሌሂ መጀመሪያ ጉዳዩ ይጠና ቢሉ የሰማቸው ጥቂት ነው። ከሁሉም የሚገርመው የፍትሕ ሚኒስቴር አቋም ነው። ሚኒስቴሩ በሜይ 1995 ለሌሂ በጻፈው ደብዳቤ ረቂቁ በጸያፍ ነገሮችና በሕፃናት ላይ በሚፈጸመው ወንጀል ላይ የያዘውን ክስ እንደሚያደናቅፍበት አስታውቆ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ያንኑ ሕግ በፍርድ ቤት ቆሞ የሚከላከለው ራሱ ሆነ።

በጁላይ 3 ቀን እትሙ ታይም መጽሔት ዓይኑ የፈጠጠ ሕፃን በሽፋኑ ይዞ ወጣ። ዘገባው የተመሠረተው አንድ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሠራው ጥናት ላይ ሲሆን፣ ሥዕል በሚለጠፍባቸው የኢንተርኔት የውይይት ቡድኖች ከተቀመጠው ሥዕል 83.5 በመቶው የወሲብ ነው ይል ነበር። የአዮዋው ሴናተር ቻክ ግራስሊ ጽሑፉን በኮንግረስ መዝገብ ላይ አሰፈሩት። ሁለት የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ምሁራን፣ ዶና ሆፍማንና ቶማስ ኖቫክ፣ የጥናቱን አሠራር አንድ በአንድ ነቅሰው አፈረሱት፤ አብዛኛው መረጃ የመጣው አዋቂዎች ከፍለው ከሚገቡባቸው የግል የኮምፒውተር አገልግሎቶች ነበር። መጽሔቱ በሦስት ሳምንቱ ትችቱን ራሱ ዘገበ። ቁጥሩ ግን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ መዞሩን ቀጠለ።

በተወካዮች ምክር ቤት ነፋሱ ሌላ ነበር። አፈ ጉባኤው ኒውት ጊንግሪች ራሳቸው፣ ሪፐብሊካን ሆነው፣ የኤክሰን ሐሳብ የመናገር ነፃነትን ይጥሳል አሉ። የካሊፎርኒያው ክሪስ ኮክስና የኦሪገኑ ሮን ዋይደን ከተለያየ ፓርቲ ሆነው ሌላ መንገድ ይዘው መጡ። መነሻቸው በሜይ 1995 የተሰጠ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ብይን ነው። ፕሮዲጂ የተባለው ኩባንያ ደንበኞቹ የሚለጥፉትን እየተከታተለ መጥፎውን ስለሚያነሣ እንደ አሳታሚ ተቆጥሮ በደንበኛው ቃል ይጠየቃል ተባለ። ምንም የማያነሣው ኮምፑሰርቭ ግን በ1991 ነፃ ወጥቶ ነበር። ቤቱን የሚያጸዳው ተቀጥቶ የማያጸዳው ከዳነ ማን ያጸዳል? ኮክስና ዋይደን ኩባንያዎች ሌሎች በለጠፉት እንዳይጠየቁ፣ ያነሡትንም ስላነሡ እንዳይከሰሱ፣ ማጣሪያውም በወላጅ እጅ እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። በኦገስት 4 ቀን 420 ለ4 አለፈ።

ሁለቱን ምክር ቤቶች የሚያስታርቀው ጉባኤ ሲቀመጥ፣ የዋሽንግተን ግዛቱ ሪክ ኋይት አማካይ ሐሳብ አመጡ። ክልከላው በብዙ ግዛቶች ሕግ በሚታወቀው ጠባብ መለኪያ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ሰው ጎጂ በሆነው ላይ ብቻ እንዲያርፍ ነበር። በዲሴምበር 1995 የተወካዮቹ ወገን በ17 ለ16 ድምፅ ወደ ኤክሰን ሰፊ መለኪያ ተመለሰ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ቀን ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። በአንድ ድምፅ የተጣለው መለኪያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ፍርድ ቤት ይረታል።

ሁለቱ የማይጣጣሙ ሐሳቦች በአንድ ላይ ታስረው በትልቁ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ውስጥ ገቡ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1996 በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ፈረሙበት። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና የገንዘብ መቀጮ ነበር። ብዙ ድረ ገጾች ለሁለት ቀን ገጻቸውን አጥቁረው ተቃወሙ። የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረትም ሌሎች ከሳሾችን አሰባስቦ በዚያኑ ዕለት ፊላደልፊያ ላይ ክስ መሠረተ። በሳምንቱ ዳኛ ሮናልድ በክዋልተር ከሕጉ ከፊሉን በጊዜያዊነት አገዱ።

በፊላደልፊያ በዳኛ ዶሎሬስ ስሎቪተር ሰብሳቢነት የተቀመጡት ሦስት ዳኞች ሴኔቱ ያልሠራውን ሥራ ሠሩ። ችሎቱ ውስጥ ኮምፒውተር ተተክሎ፣ ኢንተርኔት ተቀጥሎ፣ ምስክሮች አሠራሩን እያሳዩ አስረዱ። መንግሥትና ከሳሾቹ ስለ ኢንተርኔት ምንነት በ356 አንቀጽ የሰፈረ ስምምነት ፈረሙ፤ ይህን ያህል ነገር ተስማምተው የሚከራከሩ ባላጋራዎች ብዙ አይገኙም። የመንግሥት ምስክር የነበሩት የአየር ኃይሉ መርማሪ ሃዋርድ ሽሚት፣ ተጠቃሚው ሳያስበው የወሲብ ገጽ ላይ የመውደቅ ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን አመኑ። የሬዲዮው ምሳሌ የተናጋው እዚህ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ፈልገው የሚሄዱበት እንጂ ሳይጠሩት የሚገባ አልሆነም።

ሌላው የመንግሥት ምስክር፣ የኮምፒውተር ሊቁ ዳን ኦልሰን፣ ጸሐፊው በጽሑፉ ላይ ለአዋቂ ብቻ የሚል ምልክት ያድርግና ኮምፒውተሩ ያንን አይቶ ይዝጋ የሚል ዘዴ አቀረቡ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ምልክቱን የሚያነብ ፕሮግራም ግን በወቅቱ አልነበረም። ክሬዲት ካርድ መጠየቅ ይቻላል ቢባል ደግሞ ለነጋዴው እንጂ በነፃ ለሚሠራው አይሆንም። ከከሳሾቹ አንዱ ኪዮሺ ኩሮሚያ በፊላደልፊያ ስለ ኤድስ የሚያስተምር ገጽ ነበራቸው። በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ በግልጽ ቃል ካልተነገረ ትምህርቱ ትምህርት አይሆንም፤ ትምህርቱ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ደግሞ ወጣቶች አሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ዳኞቹ ጁን 11 ቀን 1996 ሕጉን አገዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክርክሩን ሰምቶ ጁን 26 ቀን 1997 አጸናላቸው። ዋናውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ልጆችን መጠበቅ ተገቢ ዓላማ መሆኑን ተቀብለው፣ ለዚያ ሲባል አዋቂውን ሁሉ ለልጅ የሚመጥነውን ብቻ እንዲናገር ማድረግ አይቻልም አሉ። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሬንክዊስት ጋር ሆነው በተናጠል የጻፉት ሐሳብ ነው። እሳቸው እንዳሉት፣ በግዑዙ ዓለም ባለሱቁ በር ላይ የቆመውን ልጅ አይቶ ይመልሰዋል፤ በኢንተርኔት ዓለም ይህ በር ገና አልተሠራም፤ ሕጉም የሚመዘነው ዛሬ ባለው ቴክኒክ ነው። በሩ ሲሠራ መልሱ ሊለወጥ ይችላል ማለታቸው ነበር።

ኮንግረስ በ1998 ጠባቡን መለኪያ ይዞ እንደገና ሞከረ፤ ያ ሕግ በ2004 በ5 ለ4 ድምፅ እግዱ ጸንቶበት አንድም ቀን ሳይሠራበት ቀረ። በመንግሥት ገንዘብ በሚደገፉ ቤተ መጻሕፍት ማጣሪያ እንዲተከል የወጣው የ2000ው ሕግ ግን በ2003 ጸና።

ከዚያ ቴክሳስ በ2023 ከይዘታቸው ከሦስት አንድ እጅ በላይ ለልጆች ጎጂ የወሲብ ነገር የሆነባቸው ድረ ገጾች የጎብኚውን ዕድሜ እንዲያረጋግጡ አዘዘች። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 27 ቀን 2025፣ የኤክሰን ሕግ ከወደቀ 28 ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ፣ በዳኛ ክላረንስ ቶማስ ብዕር 6 ለ3 አጸናው። ዳኛ ኤሌና ኬገን የሦስቱን የልዩነት ሐሳብ ጻፉ። የ1997ቱ ውሳኔ አልተሻረም። በሩ ተሠርቷል፤ በሩ ላይ የሚታየው መታወቂያ ማን እጅ እንደሚቀር ግን የፊላደልፊያዎቹ ዳኞች እንዳደረጉት ኮምፒውተሩን ችሎት አስገብቶ የሚመረምር ይፈልጋል።

ከ1996ቱ ሕግ የፊላደልፊያው ክስ ያልነካው የኮክስና የዋይደን ክፍል፣ አንቀጽ 230፣ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ልጆቻችን በማኅበራዊ ሚዲያ ተጎዱ ብለው የሚከሱ ወላጆች ፊት ኩባንያዎቹ ከሚያነሡት መከላከያ አንዱ እሱ ነው።