የሙሽራዋ ብር ገንዘብ ነበር

ማዕድኑም ገንዘቡም በአንድ ስም «ብር» መባላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የአያቶቻችን የሠርግ ድሪና አልቦ በአብዛኛው የቀለጠ ጠገራ ነው። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ እንኳ እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት እየተጻፈበት መመታቱን የቀጠለ፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር የሆነ ሳንቲም። (ሴትየዋ ስለ እኛ ሠርግ የሰማችው ነገር ያለ አይመስለኝም።) አንጥረኛው አቅልጦ ጌጥ ያደርገዋል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ጌጡ ተመዝኖ ይሸጣል። ሙሽራዋ አንገቷ ላይ ያደረገችው ውበትም ቁጠባም ነበር።

ቢጫው ቀለም ግን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር። ወርቅ የማዕረግ ምልክት እንጂ ማንም ያገኘ የሚያደርገው ጌጥ አልነበረም።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራ ቦታውን መልቀቅ ጀመረ፤ በኋላ ዘውዱም ወረደ። ከዚያ ወዲህ ወርቅ የሁሉም ሙሽራ ምኞት ሆነ። በእኔ እይታ የወረስነው የመኳንንቱን ቀለም ነው፤ የአያቶቻችንን ሒሳብ ትተነዋል። አንዳንዱ ተበድሮ ወርቅ ይገዛል፤ ሌላው የወርቅ ቅብ ተከራይቶ ሠርጉ ሲያልፍ ለባለ ሱቁ ይመልሳል። አልቦው ደግሞ ጠቁሮ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ እስካሁን ግን በግራም ዋጋ አለው።